ሰንብቺ

ከሩማንያ ነው የመጣው ያ መኪና፣
ሁለት ሌሊት ሙሉ ጭቃና ጎዳና።
ከጌንት መውጫ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣
ሊቨ ባትሪ ይዛ፣ እኔ ባዶ ማሰሪያ፣
ዝናብ ይሁን ጉም ባልለየለት ሌሊት
ቆመን ጠበቅናቸው።
አሥራ አራት ሣጥን፣ አሥራ አራት ዝምታ።
አንዱም አልጮኸ።
ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤
ያልበላስ? ያልበላ የት ሄዶ ይጮሃል?

የኔዋን አወጡ፤
ጆሮዋ ላይ ቢጫ ላስቲክ፣ ቁጥር የታተመ፣
ጎኗ ላይ ጠጉር የነሳው ጠባሳ፣ የከረመ።
ወረቀቱ ይላል፦ «ሴት፤ አራት ዓመት ግድም፤ ጊዜያዊ ማረፊያ።»
ፈረምኩ። ቀለሙን ዝናብ ወሰደው ወዲያ።

የኛ ሰው ለውሻው ስም ማውጣት ሲያምረው
ለውሻው አይደለም፣ ጎረቤቱን ነው የሚናገረው፤
አባቴ የኛን «ምን አገባህ» ብሎ
ሲጠራው ያመሻል ካጥር ተንጠልጥሎ፣
ጋሽ ይመኑ እስኪሰሙ።
እኔ ግን እዚህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ነገር የሚገባው ጎረቤት ስለሌለኝ
ለራሴ ላክሁት፤ ሰንብቺ አልኳት።
ቆዪም ነው፣ ሂጂም ነው፣
እንደ አፍ አወጣጡ።

ሦስት ቀን ከመታጠቢያ ገንዳው ኋላ አልወጣችም።
ትራም ሳጥብ አድሬ ማለዳ ስመለስ
ሰሃኗ ጎድሏል፤ እሷ ግን የለችም።
ወለሉ ረጥቧል፤ አልቆጣም፤
መወልወያ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በአራተኛው ቀን ወጣን ወደ ሌይ ወንዝ ዳር፤
የጫማዬ ክር ተፈታ፣ ጎንበስ አልኩኝ ላስር፣
ወደቀች።
እንዲያው በሆዷ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈች፣
ዓይኗን ጨፍና፣ የሚመጣውን ጠበቀች።

አንድ ብስክሌተኛ ቆሞ «ታማለች?» አለኝ።
አልታመመችም።
ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው፤
ይህን ሰዋስው የማያውቅ የመንገድ ውሻ የለም።
እኔም ተምሬዋለሁ፣ ከወዲያኛው ወገን፦
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣
ከወፍጮ ቤቱ ኋላ፣
አንድ እግሩን የሚጎትት ቡናማ ውሻ ነበር።
ጓደኞቼ ሳቱ።
እኔ አልሳትኩም።
ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲያ በቀን አሥር ጊዜ ጎንበስ እላለሁ፣
መዳፌን ዘርግቼ ባዶ አሳያለሁ፤
አንዳንዴ ቁራጭ ዶሮ፣ አንዳንዴ ምንም።
የታች ቤቷ ሴትዮ በመስኮት አይታኝ
«ያ ሰው ይጸልያል» ብላለች አሉ።
አልዋሸችም ይሆናል።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ፣
ካልሲዬ ላይ አገጯን ጥላ ተኛች።
ትራም ሲያልፍ አንድ ጆሮ ይነሳል፣
ይወድቃል።
እግሬ ደነዘዘ። አልነቀነቅሁትም።

በግንቦት ሊቨ ደወለች፤ «ሰው ተገኘ» አለች።
ደስ ብሎኛል አልኩና፣ ስልኩን ዘጋሁና
ንጹሑን ሰሃኗን አጠብኩት እንደገና።

ከሎክሪስቲ መጡ፣ አበባ አብቃይ ናቸው፣
ፍሎር ይባላሉ፤ አፈር አለ ከጥፍራቸው፤
የኮታቸው አንድ ቁልፍ
በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፣ ጠማማ፣
መርፌ ባልለመደ እጅ።
ወረቀት ሰጠኋቸው፦
ሩዝ ትወዳለች። ርችት ትፈራለች።
«ነይ» ካሏት ትመጣለች።
ከሁሉም በላይ፣ ጫማዎን ሲያስሩ
አስቀድመው እጅዎን ያሳዩአት።
ሁለቴ አነበቡት፤ ለምን? አላሉኝም።
«ናይ» አሉ። አልሆነም። «ነኢ»። ደገሙት፣
እንደሚያጠጡት ችግኝ፣ ሳይቸኩሉ፣
«ነይ» እስኪሆን ድረስ።

ከደጃፉ ስጠራት በስሟ
አፌ ላይ ስሙ ለሁለት ተከፈለ።
ዞር ብላ አየችኝ፣ የትኛው ነው? በሚል ዓይን።

ማሰሪያው ከእጃቸው ወደቀ።
ፍሎር ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፣
ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ቀስ ብለው።
ዓይኔን ጨፈንኩ፣
የሚመጣውን ጠበቅሁ።

ስገልጠው ቆማለች፤
የጣታቸውን አፈር ታሸታለች።